ጃፓንኛ፦ «ሚያ» መቅደስ ነው ወይስ ቤተ መንግሥት?

ሰላም_ከኪዮቶ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ከንክኖኝ ነው የመጣሁት። ጃፓንኛ መማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ የምኖረውም ኪዮቶ ነው። ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ አጭር ጽሑፍ እንድንተረጉም ተሰጠን፣ መሀሉ ላይ «ሜይጂ ጂንጉ» የሚል አለ። እኔ «የሜይጂ ቤተ መንግሥት» አልኩት። ዝም ብዬ አልገመትኩም። «ጉ» የምትባለዋን ካንጂ (ከቻይና የመጣች ፊደል) አውቃታለሁ፤ ቤተ መንግሥት ማለት በሆነው «ኪዩደን» ውስጥ ያለችው ራሷ ናት። አስተማሪዬ በቀይ ሰረዘችውና «ይሄ መቅደስ ነው» ብላ አለፈች። ለምን ስላት «እንደዚያ ነው የሚባለው፣ ያዢው» አለችኝ።

አልዋጥልኝ አለ። ቤቴ ገብቼ ይህቺ ካንጂ ያለችበትን ቃል ሁሉ ለቀምኩ። የንጉሠ ነገሥቱን ቤት ጉዳይ የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት «ኩናይቾ» ውስጥ አለች። «ሪክዩ» ውስጥ አለች፣ ከዋናው ውጪ ያለ ቤተ መንግሥት ማለት ነው። ልዑላኑ «ሚያ-ሳማ» ሲባሉ እሷው ናት። ከዚያ ደግሞ ዞር ስትሉ የመቅደስ አለቃ «ጉጂ» ውስጥ ቁጭ ብላለች። ሕፃን ወደ መቅደስ የሚወሰድበት ሥርዓት «ኦሚያ-ማይሪ» ነው፣ እዚያም እሷ። አንዷ ፊደል እንዴት ነው የንጉሥም የአምላክም ቤት የምትሆነው? መሸምደዱን እሸመድደዋለሁ፣ ግን ምክንያቱን ካወቅኩ አይጠፋብኝም። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ።

የካዛንቺሱ

ሰላም እህቴ። እኔ ካትሱሺካ ነኝ፣ ቶኪዮ፣ ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ትርጉምሽ ስህተት ነው፣ ያሰብሽበት መንገድ ግን ትክክል ነው። ያንቺ አስተማሪ መንገዱንም አብራ ሰረዘችው፣ ያ ነው ያናደደኝ።

ካንጂዋን እንያት። ላይዋ ላይ ጣራ አለ። ከጣራው ሥር ሁለት ሣጥን ተደራርቧል፣ ክፍል ከክፍል ጋር እንደማለት ነው። ምስሉ ቤት ነው፣ ትልቅ ቤት፣ ክፍሉ የበዛ። ቻይናዎች ለቤተ መንግሥት ተጠቀሙባት። ጃፓኖች ሲወስዷት ደግሞ ከራሳቸው ጥንታዊ ቃል ጋር አጣበቋት። ቃሉ «ሚያ» ነው። «ያ» ቤት ነው። «ሚ» የክብር ቅጥያ ናት፣ ከፊት ትገባለች። ስለዚህ ሚያ ማለት «የተከበረው ቤት» ብቻ ነው። የማን ቤት እንደሆነ ቃሉ ራሱ አይናገርም። ንጉሥ ካለበት ቤተ መንግሥት ነው፣ ካሚ (አምላካቸው) ካለበት መቅደስ ነው።

አነባበቧ አራት ነው፣ እሱን ለይተሽ ያዢ። ብቻዋን ስትቆም «ሚያ» ናት። ከመቅደስ ስም ኋላ ስትለጠፍ «ጉ» ትሆናለች፦ ጂንጉ፣ ተንማንጉ፣ ሃቺማንጉ፣ ቶሾጉ። ቤተ መንግሥትን በሚመለከት ቃል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ «ኪዩ» ናት፦ ኪዩደን፣ ሪክዩ። «ኩ» የምትባልበት ጥቂት ነው፦ ኩናይቾ ውስጥ፣ ኢሴ መቅደስ ያሉት ናይኩ (የውስጡ ሚያ) እና ገኩ (የውጪው ሚያ) ውስጥ።

ብቻ ልብ በይ፣ ያቺኑ ካንጂ «ግንብ» ከምትለዋ ጋር ጎን ለጎን ስትጽፊያት ሁለት ነገር ትሆናለች። «ሚያጊ» ብለሽ ካነበብሻት ሰንዳይ ከተማ ያለችበት ክፍለ ሀገር ናት። «ኪዩጆ» ካልሻት ደግሞ ከ1888 እስከ 1948 የቶኪዮው ቤተ መንግሥት የተጠራበት ስም ነው። (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እናንተም እንደዚያ ብታደርጉ ጥሩ ነው፣ አለዚያ እንደባለቃለን።)

ናጎያ_ያለሁት

የካዛንቺሱ ጥሩ ብሏል። እኔ የምጨምረው «ለምን» የሚለውን ነው፣ እህታችን የጠየቀችው እሱን ስለሆነ።

የድሮ ታሪካቸው የሚለው ይሄ ነው። በ720 ያለቀው «ኒሆን ሾኪ» የሚባለው ዜና መዋዕላቸው እንደሚተርከው፣ በመጀመሪያ ንጉሡና የፀሐይዋ ካሚ አማተራሱ የሚኖሩት አንድ ቤት ውስጥ ነበር። የእሷ ምልክት መስታወት ነው፣ መስታወቱ የሚቀመጠው ንጉሡ በሚያድርበት አዳራሽ ነበር። ሱጂን በሚባለው ንጉሥ ዘመን ግን ችግር መጣ። ንጉሡ ኃይሏን ፈራ። ከእሷ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ማደር አስጨነቀው። ስለዚህ ለልጁ አስረክቦ መስታወቱን ከቤተ መንግሥት አስወጣ። በቀጣዩ ንጉሥ ዘመን ሌላ ልዕልት ተረክባ ቦታ ስትፈልግ ስትዞር በመጨረሻ ኢሴ ደረሰች። የኢሴ መቅደስ የቆመው እንዲህ ነው ይላሉ።

ይሄ አፈ ታሪክ ነው፣ እንደ ዜና አልጽፈውም። የቃሉን ነገር ግን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። አንድ ቤት ነበር፣ ለሁለት ተከፈለ፣ ስሙን ሁለቱም ይዘውት ሄዱ። አስተዳደርን በድሮ ጃፓንኛ «ማትሱሪጎቶ» ይሉታል፣ «ማትሱሪ» ደግሞ ለካሚ የሚደረግ በዓል ነው። «ሚያኮ» ዋና ከተማ ማለት ነው፣ ሚያ ያለበት ቦታ። አንቺ ያለሽባት ኪዮቶ ከሺህ ዓመት በላይ ሚያኮ ስትባል ኖራለች።

ሰላም_ከኪዮቶ

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! ሚያኮን በቀን ሃያ ጊዜ አነባታለሁ፣ የሱቁም የሆቴሉም ስም ናት፣ ሚያ ውስጧ እንዳለች አንድም ቀን አላየሁም። ለመሆኑ «ጂንጃ» እና «ጂንጉ» ልዩነታቸው ደረጃ ነው? «ታይሻ» የሚባልም አለ፣ እዚሁ ፉሺሚ ኢናሪ ታይሻ ስለሆነ የሚባለው።

የካዛንቺሱ

ጂንጃ ጠቅላላው ስም ነው። በመላው ጃፓን 80,000 ገደማ አሉ፣ ከሠፈር ጥግ እንደ ቁም ሣጥን ከምታህለው ጀምሮ ማለት ነው። ጂንጉ ግን ከንጉሣዊው ቤት ጋር የተሳሰረ ነው። ወይ የነገሥታቱ አያት የሚባል ካሚ፣ ወይ ራሱ ያረፈ ንጉሥ የሚከበርበት። ሜይጂ ጂንጉ በ1920 ነው የተመረቀው፣ ለንጉሠ ነገሥት ሜይጂና ለእቴጌ ሾከን። አየሽ፣ ያንቺ «የሜይጂ ቤት» ያን ያህል አልራቀም። የሚኖርበት ቤት አይደለም እንጂ ቤቱስ የእሱ ነው።

ዝም ብለሽ «ጂንጉ» ካልሽ፣ ምንም ስም ሳትጨምሪ፣ ኢሴን ነው። ኦፊሴላዊ ስሙ «ጂንጉ» ብቻ ነው። እኛ «ኢሴ» የምንጨምረው እንዲለይልን ነው።

«ጉ» ብቻዋን ያለችበት ደግሞ ማዕረግ ሊሆን ይችላል። ኒኮ ከተማ ላይ የጦር ገዢው ቶኩጋዋ ኢኤያሱ የሚከበርበት መጀመሪያ «ቶሾሻ» ነበር፣ በ1645 ቤተ መንግሥቱ «ጉ» ብሎ ሰጠውና ቶሾጉ ሆነ። አንዲት ፊደል ለመቀየር የንጉሥ ፈቃድ ነው የጠየቀው! ተንማንጉ የሱጋዋራ ኖ ሚቺዛኔ ነው፣ ምሁር ነበር፣ በሴራ ወደ ዳዛይፉ ተግዞ በ903 እዚያው ሞተ። አሁን ተማሪ ሁሉ ፈተና ሲደርስበት የሚሄደው ወደ እሱ ነው። ኪዮቶ ያለው ኪታኖ ተንማንጉ ነው፣ ፈተና ሰሞን ሄደሽ ብታዪ ሰልፉን ታምኛለሽ።

ናጎያ_ያለሁት

ታይሻን እኔ ልውሰደው። «ሻ» የምትለዋ ፊደል በጃፓን አነባበብ «ያሺሮ» ናት። «ያ» ያው ቤት ነው። «ሺሮ» ለአንድ ነገር የተለየ፣ የተከለለ ቦታ ነው። ስለዚህ ያሺሮ መጀመሪያ ሕንፃ አልነበረም፣ ቤት የሚቆምበት የተለየ መሬት ነው። ካሚው ሁልጊዜ እዚያ አይቀመጥም፣ በበዓሉ ይመጣል፣ ያን ጊዜ መጠለያ ይቆምለታል፣ ሲያልቅ ይነሳል። ሚያ ቋሚ ቤት፣ ያሺሮ የቤት ቦታ። እኔ በበኩሌ ከዚህ በላይ የሚያምር ልዩነት አላውቅም።

ታይሻ «ታላቁ ያሺሮ» ነው። ከሁሉ የታወቀው ኢዙሞ ነው፣ ኦፊሴላዊ አነባበቡ እንዲያውም «ኢዙሞ ኦያሺሮ» ነው። በአፈ ታሪካቸው ኦኩኒኑሺ የሚባለው ካሚ ምድሪቱን ለአማተራሱ ወገን ሲያስረክብ አንድ ነገር ጠየቀ፦ ምሰሶው ከዓለት ሥር የተተከለ፣ ጣራው ሰማይ የሚነካ ቤት ሥሩልኝ አለ። የአሁኑ ዋና ሕንፃ በ1744 የተሠራ ሲሆን ቁመቱ 24 ሜትር ነው። ድሮ 48 ሜትር ነበር የሚል ወግ ነበራቸው፣ ብዙ ሰው ተረት ነው ይል ነበር። በ2000 ግቢው ሲቆፈር ሦስት ትልልቅ ግንዶች በአንድ ላይ ታስረው አንድ ምሰሶ የሆኑበት ወጣ። ውፍረቱ 3 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ተረት የሚለው ሰው ቀነሰ።

እና ይቺው «ሻ» ናት ኩባንያ በሚለው «ካይሻ» ውስጥ ያለችው። በግራዋ መሠዊያ፣ በቀኝዋ አፈር። የመሬቱ ካሚ ዘንድ ሰው ይሰበሰባል፣ ከዚያ ስብሰባው ራሱ «ሻ» ሆነ፣ ከዚያ ማኅበር፣ ከዚያ ኩባንያ።

ጥያቄ_አለኝ

ይቅርታ፣ ከመሀል ገባሁ። «ቤተ መቅደስ» እያላችሁ ነው ሁላችሁም። እኔ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝ፣ ቤተ መቅደስ ስል ታቦት ያለበት ነው የሚታየኝ። ጂንጃን ቤተ መቅደስ ማለት ይከብደኛል። ደግሞ አብዛኛው ሰው አሳኩሳ ያለውን ሰንሶጂንም ቤተ መቅደስ ይላል፣ እሱ የቡድሃ ነው አይደል?

የካዛንቺሱ

ወንድሜ ሁለቱም ነጥብህ ልክ ነው። ሰንሶጂ የቡድሃ ነው። የቡድሃው «ተራ» ይባላል፣ በስም ኋላ «ጂ» ወይም «ኢን» ሆኖ ይመጣል፦ ሰንሶጂ፣ ኪንካኩጂ። በዓይንህ ለመለየት መግቢያውን እይ፣ ሁለት ቋሚና ሁለት አግዳሚ እንጨት ብቻ ሆኖ መዝጊያ የሌለው «ቶሪኢ» ከቆመ ብዙውን ጊዜ የሺንቶ (የጃፓኖች ነባር ሃይማኖት) ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት አንድ ግቢ ውስጥ ተቀላቅለው ኖረዋል፣ በ1868 ነው መንግሥት በአዋጅ የለያያቸው፣ ስለዚህ ዛሬም የተደባለቀ ብታይ አይግረምህ።

በአማርኛ ግን ምን እንበለው? እኔ ለሰው ሳስረዳ «ጂንጃ» ብዬ እተወዋለሁ። ፓጎዳ ብለን ለምደን የለ?

መዝገበ_ቃል

ልጆቼ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ጥቂት ልበል። ጃፓንኛ አላውቅም። ግእዝ ለሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ።

ጥያቄዋን ሳነብ የታወሰኝ «ሃይከል» ነው። በግእዝ ሃይከል መቅደስም ነው፣ ቤተ መንግሥትም ነው። በዕብራይስጥም እንዲሁ ነው። የሰሎሞን መቅደስ ሄኻል ይባላል፣ በመጽሐፈ ነገሥት የአክዓብ ቤተ መንግሥትም ሄኻል ይባላል። ሥሩ ከሱሜሮች ነው፣ «ኤ-ጋል» ይሉት ነበር፣ ትልቅ ቤት ማለት ነው። እነዚህ ጃፓኖች ደግሞ «የተከበረው ቤት» አሉ። ማንም ከማንም አልወሰደም። ሰው ከራሱ በላይ የሚያከብረውን ሲያስብ መጀመሪያ የሚመጣበት ቤት ነው መሰለኝ።

እኛም ጋ እኮ ቃሉ «ቤት» ነው። ቤተ መንግሥት፣ ቤተ መቅደስ፣ ቤተ ክርስቲያን። ልዩነቱ እኛ ቀጥሎ የማን እንደሆነ እንናገራለን፣ እነሱ አይናገሩም። ስለዚህ ልጄ፣ ጂንጉን ስትተረጉሚ «ቤተ» ብለሽ ጀምረሽ ሁለተኛው ቃል ላይ ነው የሳትሽው። ግማሹን አግኝተሻል።

ስለ ወንድማችን ጥያቄ፣ «የሺንቶ ቤተ ጸሎት» ቢባል ለሁሉም ይስማማል። መቅደስ የሚለውን ለራሱ ብንተወው እኔም ደስ ይለኛል።

ሰላም_ከኪዮቶ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ግማሹን አግኝተሻል» ያሉኝን ለአስተማሪዬ እነግራታለሁ። አንድ ልጠይቅዎት፣ «ሚካዶ» የሚለውን የንጉሣቸው የድሮ መጠሪያ ሳይ ነበር፣ መዝገበ ቃላቱ «ሚ» የክብር፣ «ካዶ» በር ነው ይላል። የተከበረው በር። ንጉሥ እንዴት በር ይባላል?

መዝገበ_ቃል

ደጅ መጥናት የሚባለውን ታውቂያለሽ? ሹመት ፈላጊው፣ ፍርድ የጓደለበት፣ የንጉሥ ደጅ ላይ ወር ከመንፈቅ ይቀመጣል። ንጉሡን ላያየው ይችላል፣ የሚያየው በሩን ነው። የንጉሥ ስም በአፍ ሲከብድ በሩ ይጠራል። «ደጃዝማች» የሚለው ማዕረጋችን ውስጥ ደጅ አለ። ለቤተ ክርስቲያንም ቃሉ ያው ነው፦ ደጀ ሰላም እንላለን፣ «የእመቤቴን ደጅ ጠናሁ» ይላል ሕዝቡ። አንዱ ደጅ ለንጉሥም ለፈጣሪም። እነሱ ቤቱን ለሁለቱም እንዳሉት እኛ ደጁን ለሁለቱም ብለናል።

ናጎያ_ያለሁት

ጋሼ ይሄንን በጃፓንኛ ጽፌ ለሥራ ባልደረቦቼ አሳያቸዋለሁ፣ ፈቃድዎ ከሆነ።

መዝገበ_ቃል

ፈቃዴ ነው።

የናሆም_እናት

ኦሚያ-ማይሪ ስትሉ ሰማሁና ገባሁ። ልጄን የወለድኩት ኦሳካ ነው። ጎረቤቴ አሮጊት ነበሩ፣ አንድ ወር ሲሞላው መጥተው «ኦሚያ-ማይሪ መቼ ነው?» አሉኝ። ምን እንደሆነ አላውቅም። ወንድ ልጅ በ31ኛው ወይ በ32ኛው ቀን አካባቢ፣ ሴት ከአንድ ቀን በኋላ ገደማ፣ እንደየቦታው ይለያያል፣ አያቱ ታቅፋው ወደ ሠፈሩ ካሚ ትወስደዋለች፣ «ይሄ ልጅ ተወልዷል» ብሎ ለማስተዋወቅ ነው። እኔ ደግሞ «እኛ ወንድ በ40 ቀን፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና እናነሳለን» አልኳቸው። እጄን ያዝ አድርገው «እናንተም ሚያ አላችሁ እንዴ» አሉኝ። ያን ጊዜ ጥያቄው እንግዳ መስሎኝ ነበር። አሁን ይሄን ሳነብ ገባኝ።

ደግሞ «ኦ» የምትለዋም ክብር ናት። ሚያ ውስጥ «ሚ» ክብር ሆና ሳለ «ኦሚያ» ብለው ሌላ ክብር ይደርቡባታል። የመጀመሪያዋ ክብር ከቃሉ ጋር ተጋግራ ስለቀረች አትሰማቸውም።

ሯጩ

እኔ ቋንቋውን አላውቅም፣ ግን ሜይጂ ጂንጉ ስለተነሳ። አበበ ቢቂላ በ1964 ቶኪዮ ላይ ሲያሸንፍ 2:12:11 የገባበት ስታዲየም ያለበት ሠፈር «ጂንጉ ጋይኤን» ይባላል አይደል?

የካዛንቺሱ

አዎ! ጋይኤን ማለት የውጪው አትክልት ስፍራ ነው፣ የሜይጂ ጂንጉ የውጪ ግቢ። ስታዲየሙ የቆመው እዚያ ነው። በ1920ዎቹ የተሠራ የጂንጉ ስታዲየም ነበር፣ እሱ ፈርሶ ነው ለኦሎምፒኩ የተጠቀሙበት የተሠራው፣ እሱም ፈርሶ አሁን አዲስ አለ። የባቡር ጣቢያው ስም «ጋይኤንማኤ» ነው፣ ከጋይኤን ፊት ለፊት። ሀራጁኩ ያለው ሠፈር «ጂንጉማኤ» ነው፣ ከጂንጉ ፊት ለፊት። ፋሽን ሱቅ የሞላበት «ኦሞቴሳንዶ» እንኳ «የፊት ለፊቱ የመቅደስ መንገድ» ማለት ነው፣ «ሳንዶ» ወደ ጂንጃ የሚያስገባ መንገድ ነው። ግማሽ ቶኪዮ የሚጠራው ከአንድ ሚያ አንጻር ነው።

ወንድሜ፣ ያን ስታዲየም አጠገብ ሳልፍ ሁሌም አበበን አስባለሁ። ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ እዚህ በጫማ፣ ከገባ በኋላ ሣሩ ላይ ተጋድሞ እያፍታታ።

ሰላም_ከኪዮቶ

ወደ ቤተ መንግሥቱ ወገን ልመልሳችሁ። ታክሲ ይዤ «ኮክዮ» አልኩት፣ ሹፌሩ «ቶኪዮ?» አለኝ። እዚህ ያለውን ቤተ መንግሥት ማለቴ ነበር።

ናጎያ_ያለሁት

ኮክዮ ማለት ንጉሠ ነገሥቱ አሁን የሚኖርበት ነው፣ ያ ቶኪዮ ያለው አንድ ብቻ ነው፣ ስሙም ከ1948 ጀምሮ ነው። የድሮው የኤዶ ግንብ ግቢ ነው። አንቺ ያለሽበት «ጎሾ» ነው፣ ኪዮቶ ጎሾ። የአሁኑ ሕንፃ የ1855 ነው። ጎሾ ቃል በቃል «የተከበረው ቦታ» ነው፣ እንደገና ያው ነገር፣ የማን አይልም።

የሚያሳስተው ግን ኮክዮ ግቢ ውስጥም ጎሾ መኖሩ ነው። ኮክዮ ሙሉው ግቢ ነው። ኪዩደን ግቢው ውስጥ ያለው የሥነ ሥርዓት አዳራሽ ነው፣ ነባሩ በ1945 የቦምብ ድብደባ ተቃጥሎ አዲሱ በ1968 ያለቀ። ጎሾ ደግሞ የሚያድሩበት መኖሪያ። አንቺ ካለሽበት በስተ ምዕራብ ካትሱራ ሪክዩ አለ፣ በሰሜን ሹጋኩኢን ሪክዩ፣ እነሱ ለሽርሽርና ለእረፍት። «ጊዮኤን» ካየሽ የንጉሥ አትክልት ነው። ኦሳካ ያለው «ጆ» ግን ግንብ ነው፣ የጦር አለቆች ቤት፣ ሚያ አይባልም።

ሰውም በቤቱ ይጠራል። አልጋ ወራሹ «ቶጉ» ነው፣ የምሥራቁ ሚያ፣ ቤቱ ከቤተ መንግሥቱ በስተ ምሥራቅ ስለነበር። የአሁኑ ንጉሠ ነገሥት በልጅነቱ «ሂሮ-ኖ-ሚያ» ነበር።

እና ያ የተለያየው ቤት ነገር፣ ሙሉ በሙሉ አልተለያየም። ኮክዮ ውስጥ «ኪዩቹ ሳንደን» የሚባሉ ሦስት ቤተ ጸሎቶች አሉ። አንዱ ካሺኮዶኮሮ ነው፣ የኢሴው መስታወት ቅጂ ያለበት። ሱጂን ካሚውን አስወጣ፣ ቅጂው ግን እቤት ቀረ።

መዝገበ_ቃል

የእኛም ግቢ ገብርኤል ከስሙ ጀምሮ ቤተ መንግሥት ግቢ ነው ያለው።

የካዛንቺሱ

ሰላም፣ ኪዮቶ ሳለሽ አንድ ቦታ ሂጂ። ሃይአን ጂንጉ። በ1895 ነው የተሠራው፣ ከተማዋ ዋና ከተማ የሆነችበት 1,100ኛ ዓመት ሲከበር፣ ለመሥራቿ ለንጉሠ ነገሥት ካንሙ። ሕንፃው የድሮው ሃይአን ቤተ መንግሥት የሥነ ሥርዓት አዳራሽ ቅጂ ነው፣ ወደ አምስት ስምንተኛ (5/8) አሳንሰው። ቤተ መንግሥትን ቀድተው ጂንጉ አደረጉት! ቀዩ ዓምድ፣ አረንጓዴው ጣራ፣ ሰፊው አሸዋማ አደባባይ፣ ሚኒስትሮች ተሰልፈው የሚቆሙበት ነው የሚመስለው። እዚያ ቆመሽ «ይሄ የካንሙ ቤተ መንግሥት ነው» ብትዪ እኔ በቀይ አልሰርዝብሽም።

ሰላም_ከኪዮቶ

በብስክሌት አሥራ አምስት ደቂቃዬ ነው፣ ነገ እሄዳለሁ። በሚቀጥለው ወር ኢሴም ልሄድ ነው። ምን ልወቅ?

ናጎያ_ያለሁት

መጀመሪያ ገኩ፣ ቀጥሎ ናይኩ፣ ሥርዓቱ እንደዚያ ነው። ገኩ ውስጥ በግራ በኩል ይኬዳል፣ ናይኩ ውስጥ በቀኝ። የሳንዶው መሀል ለካሚው ይተዋል። ቶሪኢው ሥር ሲደረስ አንገት ደፋ ይደረጋል። «ተሚዙያ» (የእጅ መታጠቢያው) ላይ በጭልፋው ግራ እጅሽን፣ ቀኝሽን፣ ከዚያ በግራ መዳፍሽ ውሃ ይዘሽ አፍሽን፣ እንደገና ግራሽን፣ በመጨረሻ ጭልፋውን ቀጥ አድርገሽ ውሃው በእጀታው ይውረድ። አንድ ጭልፋ ውሃ ለሁሉም ይበቃል። ሁለት ጊዜ እጅ መንሳት፣ ሁለት ጭብጨባ፣ አንድ እጅ መንሳት። ኢዙሞ ከሄድሽ ጭብጨባው አራት ነው። ማየት ብቻ ከፈለግሽ ደግሞ ማንም አያስገድድሽም።

ቤቶቹ በየ20 ዓመቱ ፈርሰው አዲስ ይሠራሉ፣ ከ690 ጀምሮ፣ በጦርነት ዘመን ከተቋረጠበት በቀር። የመጨረሻው በ2013 ነበር፣ 62ኛው። ቀጣዩ በ2033 ነው። ሁልጊዜ ጎኑ ያለውን ባዶ ቦታ እዪ።

ሰላም_ከኪዮቶ

ሄድኩ። ከኪዮቶ በኪንተትሱ ባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው።

ገኩ ላይ ባዶውን ቦታ አየሁት። ከሚያው ጎን፣ ልኩ እኩል የሆነ፣ ጠጠር የለበሰ ሜዳ። ምንም የለበትም። መሀሉ ላይ ብቻ ትንሽዬ የእንጨት ጎጆ፣ የቤቱ መሀል ምሰሶ የሚቆምበትን ቦታ ሸፍና። ያሺሮ ያላችሁኝ ይሄ ነው፣ ቤት የሚጠብቅ መሬት። ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል፣ እኔ ግን ሚያው ፊት ከቆምኩበት በላይ እዚያ ቆምኩ።

ናይኩ ላይ እጄን የታጠብኩት በጭልፋ አይደለም፣ ኢሱዙ ወንዝ ዳር ወርጄ ነው፣ ውሃው ቀዝቃዛ፣ ጠጠሩ ጥርት ብሎ ይታያል። ሚያው ራሱ አይታይም። አጥር ከአጥር ኋላ ነው። ሰው የሚቆመው ነጭ መጋረጃ የተንጠለጠለበት በር ፊት ነው። ጋሼ፣ ያሉት ትዝ አለኝ። ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ የምናየው በሩን ነው። ነፋስ መጣና መጋረጃው ትንሽ ተነሳ፣ አጠገቤ የነበሩት ሁሉ ዝም አሉ። ከኋላው ያየሁት ግቢና ሌላ አጥር ነው።

ስመለስ ኡጂ ድልድይ ጫፍ ላይ ያለውን ቶሪኢ ተጠግቼ አየሁት። እንጨቱ አርጅቷል፣ ቀለም የለውም፣ ስንጥቁ ውስጥ ጣት ይገባል። አንድ ጠባቂ ጠየቅኩ። ከሚያው የመጣ ነው አሉኝ። ለ20 ዓመት የጣራውን ጫፍ ተሸክሞ የኖረው ትልቁ ምሰሶ ቤቱ ሲፈርስ ይወሰድና እዚህ ቶሪኢ ይሆናል፣ እዚህ ደግሞ ሌላ 20 ዓመት ይቆማል።

መዝገበ_ቃል

ቤቱ ደጅ ሆነ በይኛ። ከ20 ዓመቱ በኋላስ ወዴት ይሄዳል?

ሰላም_ከኪዮቶ

እሱንም ጠየቅኳቸው ጋሼ። ወደ ኢሴ በሚወስደው የድሮ መንገድ ላይ ኩዋና እና ሴኪ የሚባሉ ቦታዎች አሉ፣ እዚያ ሄዶ እንደገና ቶሪኢ ሆኖ ይቆማል አሉኝ።